የነርሷ ጥያቄ ጊዜ ማባከኛ አይደለም፦ ስለ ሆርሞን ምርመራ ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ የሆርሞን መዛባት ነው። ጸሐፊው የጤና ባለሙያ አለመሆናቸውን፣ ነገር ግን ባለቤታቸውን ይዘው ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ሲንከራተቱ መክረማቸውን ይናገራሉ። ከዚያ ተነሥተው ለአንባቢ የሚሰጡት ምክር በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የሆርሞን በሽታ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ስለሆነ ነርስ ፊት ተቀምጦ ጥያቄ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው፤ በቀጥታ ላብራቶሪ ሄዶ «ሙሉ የሆርሞን ምርመራ» ማሠራት ይሻላል። አንገት ላይ ስላለው የታይሮይድ ዕጢ የሚነግረው፣ ቲኤስኤች የሚባለው ውጤት ደህና ከሆነ ሰውየውም ደህና ነው። በሽታው ቀስ ብሎ የሚመጣ በመሆኑ የሚያስቸኩል ነገር የለውም። ነርሶች ስለ ወር አበባና ስለ መኝታ የሚጠይቁት ከባህላችን ጋር አይሄድም። እንቅርት በአዮዲን ጨው ምክንያት ታሪክ ሆኗል። ውጤቱ ከታወቀ ደግሞ ሕክምናው አንድ ኪኒን መዋጥ ነው፣ አለቀ።

እኔ መሃል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የውስጥ ደዌ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ጽሑፉን መጀመሪያ ያየሁት በታካሚ እጅ ነው። አንዲት እናት ስልካቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ደሙን ብቻ ወስደሽ አትለቂኝም ወይ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ በተለያየ ቃል የሚጠይቁኝ በርክተዋል፤ በየተራ ከመመለስ አንድ ጊዜ መጻፍ ይቀላል።

ከአቤቱታቸው ልጀምር፤ እውነት አለበት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካርድ ለማውጣት ተሰልፎ፣ ረፋድ ላይ ተራው ደርሶ ሲገባ፣ ነርሷ ቀና ብላ ሳታየው «ስም? ዕድሜ? አለርጂ?» ብላ ቅጹን ሞልታ የምታሰናብተው ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። በአንድ ጠዋት ለአንዲት ነርስ የሚደርሰው የታካሚ ብዛት ሲታይ ምክንያቱ አይሰወርም፤ ያም ሆኖ ያ ቅጽ መሙላት እንጂ ምዘና አይባልም። ጸሐፊው የተበላሸውን ምዘና አይተው «ምዘናው ይቅር» አሉ። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የሆርሞን ሕመሞች ለዓመታት ተደብቀው የሚኖሩት ደም የሚቀዳ ጠፍቶ አይደለም፤ የሚጠይቅና የሚዳስስ ጠፍቶ ነው።

ወደ «ሙሉ የሆርሞን ምርመራ» እንምጣ። እንዲህ ያለ ምርመራ የለም። ሰውነት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ብዙ ደርዘን ናቸው፤ ቸርችል ጎዳናን ከለገሃር እስከ ፒያሳ እየጠየቁ ቢወጡት ሁሉንም የሚለካ ላብራቶሪ አይገኝም። ታካሚዎች ገንዘባቸውን ከፍለው በጥቅል አሠርተው የሚያመጡልኝ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የታይሮይድ ሦስት ቁጥሮችና ጥቂት የመራቢያ ሆርሞኖች የተደረደሩበት ነው። ቁጥሮቹ ደግሞ መቼና በምን ሁኔታ እንደተቀዱ ካልታወቀ አይነበቡም። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የሚያመነጩት ኮርቲሶል ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ዝቅ ይላል፤ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ የተቀዳ ደም በጠዋቱ መለኪያ ከተነበበ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ያሰኘዋል። የጡት ወተት የሚያመጣው ፕሮላክቲን በድንጋጤም፣ በእንቅልፍም፣ ለማቅለሽለሽ በሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ይጨምራል። የኤስትሮጅን ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከወር አበባ ዑደት በስንተኛው ቀን እንደተቀዳ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ መርፌው ክንድ ሳይነካ በፊት አንድ ሰው መጠየቅ አለበት፦ ስንት ሰዓት ተነሡ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? የመጨረሻው የወር አበባ መቼ ነበር? ጸሐፊው ጊዜ ማባከን ያሉት ይህንን ነው።

በዚህ ላይ የዘመኑን ችግር ልጨምር። ፀጉር ያሳድጋል፣ ጥፍር ያጠነክራል እየተባለ በየፋርማሲው የሚሸጥ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን አለ። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮ ግራም ያህል ሲሆን የፀጉር እንክብሎቹ 5,000 አንዳንዶቹም 10,000 ማይክሮ ግራም ይይዛሉ። ብዙዎቹ የሆርሞን መመርመሪያ መሣሪያዎች ባዮቲንን እንደ ማያያዣ ስለሚጠቀሙ በደም ውስጥ የተትረፈረፈው ባዮቲን ውጤቱን ያዛባዋል፤ ታይሮይድን የሚያዝዘውን ቲኤስኤችን ከእውነቱ በታች፣ ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨውን ቲ4ን ከእውነቱ በላይ አድርጎ ያሳያል። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «ታይሮይድሽ በዝቷል» ይላል። እንግዲህ ፀጉሯ የሳሳባት ሴት ባዮቲን ትጀምራለች፤ የመሳሳቱን ምክንያት ልወቅ ብላ ታይሮይድ ትመረመራለች፤ ባዮቲኑ ያልነበረ በሽታ ያስጽፍላታል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው «ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የሚወስዱት ቫይታሚን አለ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። «አለ» ካሉ ቢያንስ ለ2 ቀን አቁመው ይመለሳሉ።

ቲኤስኤች ደህና ከሆነ ሁሉም ደህና ነው የሚለው ነጥብ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ቲኤስኤችን የሚያመነጨው ታይሮይድ አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው፣ ከአተር ፍሬ እምብዛም የማትበልጠው ፒቱታሪ ዕጢ ናት። ታይሮይድን ብቻ ሳይሆን አድሬናልን፣ የሴቷን የመራቢያ ዕጢዎችና የጡት ወተትንም የምትቆጣጠረው እርሷ ናት። ታይሮይድ ራሱ ሲደክም ቲኤስኤች ከፍ ስለሚል በወረቀቱ ላይ ይታያል። ፒቱታሪዋ ስትጎዳ ግን የታይሮይድ ሆርሞን እየወረደም ቲኤስኤች «መደበኛ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ከፍ የሚያደርገው ዕጢ ራሱ ታሟልና።

ይህ ለእኛ አገር የመጽሐፍ ጨዋታ አይደለም። ፒቱታሪ በእርግዝና ወቅት ትተልቃለች። በወሊድ ጊዜ እናቲቱ ብዙ ደም ከፈሰሳት ይህች ያበጠች ዕጢ ደም አጥሯት በከፊል ወይም በሙሉ ልትሞት ትችላለች። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሺሃን በ1937 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው ሕመሙ በስሙ ይጠራል። ደም በቶሎ በሚሰጥበት አገር ብርቅ ሆኗል። ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ላይ በምታድርበት ቦታ ግን ብርቅ አይደለም። መከራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከወሊዱ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ሴትየዋ ትደክማለች፤ ብርድ አይለቃትም፤ ግፊቷ ዝቅ ይላል፤ የብብቷ ፀጉር ይረግፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። አንዱ ደም ማነስ ነው ይላታል፣ ሌላው ጭንቀት ነው፣ ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብሎ ይደመድማል።

እንዲህ ያለች ሴት ስትመጣ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ በመጨረሻው ወሊድ ብዙ ደም ፈስሷት እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ጡቷ ወተት መስጠቱን፣ የወር አበባዋ መመለሱን። ሜክሲኮ አካባቢ እህቷ ዘንድ አርፋ የምትታከም አንዲት ሴት ስለ ወተቱ ስጠይቃት ፈገግ ብላ «ልጁን ያሳደገችው ላም ናት እንጂ እኔማ ጠብታ አልነበረኝም» አለችኝ። የወር አበባዋም ከዚያ ወሊድ ወዲህ አልመጣም። ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እርሷም ከድካሟ ጋር ይገናኛል ብላ አላሰበችም። በእጇ የያዘችው የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ቲኤስኤች መደበኛ ነበር። ታሪኩን ጽፌ ለሐኪሙ ሳቀርብ ቲ4 እና የጠዋት ኮርቲሶል ታዘዘላት፤ ሁለቱም ወርደው ተገኙ። ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው፤ ኮርቲሶሏ ሳይተካ የታይሮይድ ኪኒን ቢጀመርላት ሰውነቷ ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል በፍጥነት ጨርሶ አደጋ ላይ ትወድቅ ነበር። በጸሐፊው ምክር ብትሄድ ኖሮ ወረቀቷን ይዛ «ደህና ነሽ» ተብላ ወደ መጣችበት ትመለሳለች።

ጸሐፊው በአንድ ቦታ «ነርሷ ግፊት ለክታ ከመጻፍ ያለፈ ምን ትሠራለች?» ብለው ይጠይቃሉ። መልካም፤ ሌላውን ሁሉ ትተን ግፊት መለኪያዋን ብቻ እንያዝ።

ታካሚውን አስተኝተን 5 ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ እንለካለን። አስቁመን በ1 ደቂቃና በ3 ደቂቃ ደግመን እንለካለን። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ምክንያት አለው። ፈሳሽ ጎድሎት ሊሆን ይችላል፣ የሚወስደው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ስኳር በሽታ ነርቩን ጎድቶት ሊሆን ይችላል፤ አድሬናል ዕጢው ደክሞም ሊሆን ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ሕመም ቶማስ አዲሰን በ1855 እ.ኤ.አ. ሲገልጸው ዋነኛው መንስኤ ቲቢ ነበር። ቲቢ ባልጠፋበት በእኛ አገር ዛሬም መታሰብ ያለበት ምክንያት ነው። ስለዚህ ተቀምጦ ደህና፣ ሲቆም የሚያዞረው ሰው ካገኘሁ ጥያቄዬ ይቀጥላል፦ ቲቢ ታመው ያውቃሉ? ኪሎ ቀንሰዋል? ጨው ያምርዎታል? አንዳንዱ በዚህኛው ጥያቄ ይስቃል፤ ሚስቱ ግን ከጎኑ ሆና «ሳይቀምሰው ነው ወጡ ላይ ጨው የሚነሰንሰው» ትላለች። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ እንደ መሻል የባሰበት ሰውም እዚህ ይገባል፤ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ኮርቲሶልን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ ቀድሞ የደከመውን አድሬናል ያጋልጠዋል።

ያንኑ መለኪያ ለሌላ ነገር እንጠቀምበታለን። የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት በማግሥቱ «ከንፈሬ ዙሪያ ይነዝረኛል» ስትል፣ መለኪያውን ከላይኛው ቁጥሯ በ20 ከፍ አድርገን 3 ደቂቃ እናቆየዋለን። የእጅ አንጓዋ ታጥፎ፣ ጣቶቿ ተገጣጥመው ቀጥ ካሉና አውራ ጣቷ ወደ መዳፏ ከገባ ካልሲየሟ ወርዷል፤ ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት፣ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ጥቃቅን ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ተነክተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። የደሙ ውጤት እስኪመለስ ሳይጠበቅ ሐኪም ይጠራል።

ግፊት መለኪያው ሳይጠመጠም በፊት ደግሞ ሰላምታ አለ። እንደ አገራችን ልማድ እጅ እንጨባበጣለን፤ በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ይታወቃል። ታይሮይዱ የበዛበት ሰው እጅ የሞቀና የረጠበ ነው፤ በጭንቀት የሚንቀጠቀጠው ሰው እጅ ግን ብዙውን ጊዜ የቀዘቀዘ ላብ አለው። ሁለቱም «ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለኝም» ብለው ነው የሚመጡት። እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን እንዲከፍት አድርጌ አንድ ወረቀት በላያቸው ላይ አኖራለሁ፤ ዓይን የማያየውን መንቀጥቀጥ የወረቀቱ ጠርዝ ያሳያል። የልብ ምቱን ሙሉ 1 ደቂቃ እቆጥራለሁ፤ ዐሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የተዘበራረቀ ምትን ያሳልፋል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ የታይሮይድ መብዛት ብቸኛ ምልክቱ ይኸው የተዘበራረቀ ምትና የኪሎ መቀነስ ሊሆን ይችላል። ተኝቶ የሚታከም ከሆነ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ እንቅልፍ ላይ እያለ ትቆጥርለታለች። የተጨነቀ ልብ ሰውየው ሲተኛ ያርፋል፤ ታይሮይድ የሚያስሮጠው ልብ እንቅልፍ ውስጥም ይሮጣል። ይህን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፤ የሚያሳየው በሌሊት የምትነሣ ሰው ናት።

አንገት ሲታይ ለታካሚዋ አንድ ብርጭቆ ውኃ እሰጣታለሁ። አገጯን ትንሽ ቀና አድርጋ ጉንጭ ሞልታ ትይዛለች፤ «አሁን ይዋጡት» ስላት ከፊት ለፊት ሆኜ አያለሁ። ከታይሮይድ የመጣ እብጠት ሲዋጥ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ከኋላዋ ቆሜ በሁለት እጄ ጣቶች እየዳሰስኩ ደግማ ትውጣለች። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል በእጅ የማይዳሰስ፣ በዓይንም የማይታይ ደረጃ 0 ነው፤ ሲዳሰስ የሚገኝ ነገር ግን አንገት ቀጥ ሲል የማይታይ ደረጃ 1፤ አንገት ቀጥ ብሎ የሚታይ ደረጃ 2። መንገድ ላይ «እንቅርት አላት» የምንለው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ወደ ውስጥ፣ ከደረት አጥንት ጀርባ የሚያድግ እንቅርትም አለ። ለዚህ የምጠይቀው «ማተብዎ ጠብቦዎታል? እንጀራ ሲውጡ ይይዝዎታል? በጀርባዎ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብዬ ነው። አዎ ካሉ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው 1 ደቂቃ ያህል እንዲቆዩ አደርጋለሁ፤ ፊታቸው ከቀላ ወይም ከጠቆረና የአንገታቸው ሥር ከተገተረ እብጠቱ የደም ሥር እየተጫነ ነው።

ስለ መልክ ካነሣን፣ ጽሑፉ አድሬናል የደከመበት ሰው «ቆዳው ይጠቁራል» ብሎ ያልፋል። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን በጠይም ሰው ላይ ምኑ ይታያል? የሚታየው የቆዳ ቀለም አይደለም። ድድ፣ የመዳፍ መስመሮች፣ የክርንና የጣት መገጣጠሚያዎች፣ አዲስ የተፈጠረ ጠባሳ ይታያሉ። አፍ ማስከፈትና መዳፍ ማስዘርጋት ነው። ከዚህ ጋር ፊት የሚያቀሉ ቅባቶችን መጠየቅ የግድ ሆኗል። አንዳንዶቹ እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ለወራት በሰፊ ቦታ ሲቀቡ በቆዳ አልፈው ደም ውስጥ ይገባሉ፤ ፊት ያብጣል፣ ቆዳ ይሳሳል፣ አድሬናልም ሥራውን ያቆማል። በአንድ ቀን ሲቋረጡ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል የሚያመነጭ ዕጢ ያጣል። «ቅባት ይቀባሉ?» ስል «ቫዝሊን ብቻ» የምትል ወጣት፣ የምትቀባውን ሁሉ በፌስታል እንድታመጣ ስነግራት ስም የሌለው ብልቃጥ ይዛ ትመጣለች። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ የታዘዘለትን ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ኪኒን በራሱ ገዝቶ የቀጠለም እንደዚሁ ነው።

የወፈረ ሁሉ ታይሮይድ፣ የከሳ ሁሉ ስኳር ነው የሚለውን የጽሑፉን አንቀጽ በአጭሩ ልለፈው፤ አይደለም። የታይሮይድ መድከም የሚያመጣው የክብደት ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ሌላ ምክንያት መፈለግ ይሻላል።

«አያስቸኩልም» የሚለው ግን ልጅ ያሳጣል። ከሳምንታት ወዲህ ውኃ የሚጠማው፣ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረና እንደገና የጀመረ፣ እየበላ የሚከሳ ልጅ ስኳር በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ስኳር የትልቅ ሰው ብቻ አይደለም። ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ኢንሱሊን፣ ሲያልቅበት ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ብዙ ጊዜ የሆድ ትል ወይም ምግብ መመረዝ ተብሎ ይታከማል። በዚህ ጊዜ ትንፋሹን ቀርቦ ያሸተተ ሰው የበሰበሰ ፍራፍሬ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ያገኛል፤ አተነፋፈሱም ጥልቅና ፈጣን ነው። ድንገተኛ ክፍል ያለች ነርስ ጣቱን ወግታ በአንድ ደቂቃ ስኳሩን ታያለች። የላብራቶሪ ቀጠሮ ጠብቆ ማደር ለዚህ ልጅ የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል።

ባህልን ጠቅሰው የተቃወሙትን ነገር አልንቀውም። ወንድ ነርስ አንዲትን ሴት ሰው በሚሰማበት ቦታ ስለ ወር አበባዋ ቢጠይቃት ማፈሯ ተፈጥሯዊ ነው። በብዙ ክፍሎቻችን ሁለት ጠረጴዛ በአንድ መጋረጃ ተለይቶ ነው የሚሠራው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሰው ሁሉን ይሰማል። መስተካከል ያለበት ግን መጋረጃው ነው፤ ጥያቄው አይደለም። የወር አበባ መቅረት የፒቱታሪን፣ የታይሮይድንና የኦቫሪን ነገር ባንድ ላይ ይነግረናል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ያልሆነች ሴት ጡቷ ወተት ካወጣ፣ ወንድም ቢሆን፣ ፕሮላክቲን መታየት አለበት፤ በዚያው ራስ ምታትና በጎን በኩል ያለውን አለማየት አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን። ስንፈተ ወሲብ ደግሞ ስኳር በሽታ የደም ሥርና ነርቭ መጉዳቱን ከሚያሳዩት ቀዳሚ ምልክቶች አንዱ ነው። አባወራን «ችግር አለብዎት?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ «የለም» ከማሰኘት ሌላ ጥቅም የለውም። እኔ «አባባ፣ ስኳር ያለባቸው ብዙ ወንዶች ከባለቤታቸው ጋር መሆን ያስቸግራቸዋል፤ እርስዎንስ?» እላለሁ። ዝም ይላሉ፣ ወደ በሩ ያያሉ፣ ከዚያ «ዓመት አልፎታል» ይላሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት እኮ የእኛው አባቶች ናቸው።

እንቅርት ታሪክ ሆኗል ለሚለው፤ አልሆነም። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ላይ የሚጨመረው አዮዲን ግን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ይተናል። ሱቅ በር ላይ በተከፈተ ጆንያ የዋለ ጨው፣ ወይም ከሽንኩርቱ ጋር ገና በመጀመሪያው የተጨመረ ጨው ያንን ሁሉ አይሰጥም። ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይሻላል። ጸሐፊው «የተፈጥሮ» ብለው የሚመክሩት ሮዝ ጨው አዮዲን ካልተጨመረበት ለታይሮይድ የሚረባ አዮዲን የለውም፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የከፋ ምክር ነው፤ የጽንሱ አንጎል እድገት በእናቲቱ አዮዲን ላይ የተመሠረተ ነውና። ጎመን ይቅር ያሉትም ቢሆን አዮዲን ለሚያገኝ ሰው የተቀቀለ ጎመን እንቅርት አያመጣም። ደግሞ በጾም ጎመን ከቀረ ምን ሊበላ ነው?

ጾምን ካነሣሁ ወደ መጨረሻው ነጥባቸው ልሂድ፤ «አንድ ኪኒን መዋጥ ነው፣ አለቀ»። ለደከመ ታይሮይድ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና 30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚወሰደው። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። የደም ማነስ ኪኒንና ካልሲየም ደግሞ ከእርሱ በ4 ሰዓት ልዩነት መራቅ አለባቸው። ጠዋት ኪኒኗን በቡና የምትውጥ፣ የእርግዝና ክትትል ላይ የተሰጣትን የብረት ኪኒንም አብራ የምትወስድ ሴት ቲኤስኤችዋ አልወርድ ሲል መጠኑ ይጨመርላታል፤ ችግሩ ግን ጀበናው ነው። የሚጾሙ ሰዎች እስከ 9 ሰዓት ውኃም አይቀምሱም፤ ስለዚህ ኪኒኑን ሁዳዴን ሙሉ ይተዉታል፣ ሲጠየቁ ደግሞ «እየወሰድኩ ነው» ይላሉ። «ይጾማሉ?» ብላ የጠየቀች ነርስ ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ ሊተኙ ሲሉ መውሰድ እንደሚቻል ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ታስተካክላለች።

የበዛ ታይሮይድን የሚቀንሱት መድኃኒቶች ደግሞ፣ ፕሮፒልታዮዩራሲልም ሜቲማዞልም፣ ከሺህ ሰው በጥቂቶቹ ላይ ነጭ የደም ሴልን ያጠፋሉ። ይህን የማስረዳት ሥራ የሚወድቀው ታካሚዋ መድኃኒቷን ተቀብላ ስትወጣ በምታገኛት ነርስ ላይ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች የምትወስዱ፣ ወይም ቤታችሁ የሚወስድ ሰው ያላችሁ፣ ድንገት ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲመጣ ከሰፈር ፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥ አይበቃም፤ ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄዳችሁ የነጭ ደም ሴል ቆጠራ አሠሩ። የሚወስዱትን ኪኒን ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ፤ ተረኛው ሐኪም ሊያውቃችሁ አይችልም።